ተልኳል የተባለው ደብዳቤ

ሰው ስልኩን ለጥገና ሲሰጠኝ ጠባዩንም አብሮ ይሰጠኛል። ቸኳዩን የቻርጀሩ ቀዳዳ ያሳብቅበታል፤ ጎትቶ ስለሚነቅል ሁልጊዜ የላላ ነው። ቆጣቢው መስታወቱ ከተሰነጠቀ ዓመት ቢሞላውም በፕላስተር አጣብቆ ይዞ ይዞራል። ሚስጥር ያለበት ደግሞ ገና መክፈቻ ቁጥሩን ስጠይቀው ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከታል። እሱንም ያወቅሁት በዚሁ መንገድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ውሃ የገባበት ስልክ ይዞ መጣና «ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ «ዝም ብሎ በራሱ ጠፋ» ያላለኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። ልቤ ያኔውኑ ሸፈተ ብል አላጋነንኩም።

ሱቃችን ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል አባቴ ልብስ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሱሪ ያሳጥራል፣ በበሩ በኩል እኔ ስልክ እፈታለሁ። የእኔ ብሎኖችና የእሱ የሸሚዝ ቁልፎች ወለሉ ላይ ይደባለቃሉ። ያ ደንበኛዬ ግን ሰፊ ግቢ ውስጥ ያደገ፣ አባቱ ሐኪም፣ እናቱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆኑ ሰው ነው። ሁለት ዲግሪ አለው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የተሰበረ ስልክ ነው።

የሚሠራበት ድርጅት ከከተማ ውጭ ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ለሚጎበኙ ነርሶች መተግበሪያ ይሠራል። ነርሷ የበሽተኛውን ሁኔታ ስልኳ ላይ ትሞላለች፣ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ያነበዋል። ነርሶቹ የሚይዙት ርካሽና አሮጌ ስልክ ስለሆነ «የእነዚህን ስልኮች አመል ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» ብሎ ሞካሪ አድርጎ አስቀጠረኝ። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሦስት ቀን ሱቅ እውላለሁ።

ቢሮ ውስጥ እሱን «ጉባኤ» እያሉ ይጠሩታል። የድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ ሠሪዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ካለ እሱ አይቀርማ። ሲመለስ ደግሞ እኛ አለቀልን። አንዴ «አውራ ጣት የማይደርስበት ቁልፍ ለጌጥ ነው» ብሎ መጥቶ ሁሉን ነገር ወደ ስክሪኑ ግርጌ አወረደው። ሌላ ጊዜ «ገጹ ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ መከፈት አለበት» ብሎ ሥዕሉን ሁሉ አራገፈ። እኔ ጉባኤ ሄጄ አላውቅም፤ ዲግሪ የሌለውን ማን ይጋብዛል? እሱ ግን ከየሄደበት በእጁ እየጻፈ ያመጣልኝ ነበር። «ዛሬ አንዲት ሴት ‹ሥራህን በጣም ርካሹ ስልክ ላይ ካልሞከርከው ገና አልሠራኸውም› አለችን። ሁሉም አጨበጨበ። አንቺ ይህንን በነጻ ስትነግሪኝ ከርመሻል።» በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ሌላ ወሬ አለ። «ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ እያንኮራፋ ነው። አንቺ ብትኖሪ ስቀሽ ታስባርሪን ነበር።» ያንን ጠርዝ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም። ትምህርቱንም አንዳንዴ አነበው ነበር።

ያቆራረጠን ትምህርት የመጣው ካለፈው ዓመት ጉባኤ ነው።

«ሰው መጠበቅ አይወድም» አለኝ ጠረጴዛዬን ተደግፎ፤ ዓይኑ ያበራል። «ነርሷ ‹ላክ› የሚለውን እንደነካች ወዲያው ‹ተልኳል› እንበላት። ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ ያስቀምጠውና ሲያገኝ ይልከዋል። እሷ ምን አስጨነቃት?»

«ሳይላክ ተልኳል ልንላት?»

«ይላካል እኮ!»

«ካልተላከስ?»

«አንቺ ደግሞ ጠዋት በጠዋት ታሟርቻለሽ!»

«‹ገና ነው› ብንላት ምን ይጎድልብናል?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። በሁለት ዲግሪ ፊት ይዤ የምቆመው ማስረጃ አልነበረኝምና አፌን ያዝኩ። ያን ቀን አፌን ስይዝ ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ ባውቅ ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ እጮህ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት መተግበሪያውን በቦታው ሊያይ ከነርሶቹ ጋር ለአሥር ቀን ወጣ። ሊሄድ ሲል ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር ቆየ። አባቴ እንዳልሰማ ሰው መኪናውን ያስጮኻል።

«የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለ። «አፌ ላይ አልመች አለኝ። እዚያ ሆኜ እጽፍልሻለሁ።»

«ጻፍልኝ» አልኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ የዚያን ጊዜ ደብዳቤ የሚያስፈልገን እንኳ አልመሰለኝም።

አሥሩ ቀን አለፈ። ደብዳቤ የለም። ተመልሶ ቢሮ ሲገባ የባንክ ጥበቃ ሰላም እንደሚባለው ሰላም ብሎኝ አለፈ። እንደ ወትሮው ጠረጴዛዬን አልተደገፈም። «ያልከኝ ነገር የት ደረሰ?» ብዬ መጠየቅ ስንት ጊዜ አማረኝ። ደግሞ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሰፊውን ግቢ አስታውሶ፣ አስቦበት፣ ትቶት ይሆናል እላለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሰው የተወውን ነገር ሄዳ እንዴት ትለምናለች?

በሁለተኛው ሳምንት እናቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው ሱቃችን መጡ። እኔ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ ካለ ፎቶ አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸው አያውቁኝም። መስታወቱን እስክቀይር አጠገቤ ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ።

«ልጄን የውጭ አገር ድርጅት ፈለገው» አሉ። «እኔ እንኳ ይቀራል ብዬ ነበር። ‹እማዬ፣ እዚህ የሚይዘኝ ነገር የለም› አለኝ።»

የያዝኩት ብሎን ከእጄ አመለጠ። አባቴ ከመኪናው ቀና ብሎ አየኝ።

«ተይው ልጄ፣ እኔ ልፈልግልሽ» ብሎ ተነሳና በእኔና በሴትየዋ መሀል ጎንበስ አለ። ብሎኑ እግሩ ሥር ነበር። አባቴ ግን ፊቴ እስኪመለስልኝ ድረስ ሲፈልግ ቆየ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ከፍቶኝም አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ነርስ በሩን በርግዳ ገባች። እነዚያን ስልኮች የምሞክረው እኔ መሆኔን ሰምታ ነው።

«አፑ ‹ተልኳል› ይለኛል፣ ሐኪሙ ‹አልደረሰኝም› ይለኛል!» አለች። «ሰነፍ ነህ ብዬ ሰደብኩት፤ እሱም ውሸታም አለኝ። እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር ነበረችኝ። መልስ ሲጠፋ እኔው ራሴ መኪና ለምኜ ባላመጣት ኖሮ ዛሬ ሁለቱንም ቀብረን ነበር።»

«አሁን ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።»

ስልኳን ከፍቼ ስመረምር የሆነው ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። አሮጌ ስልክ ቦታ ሲጠበው ሥራ ላይ ያለውን መተግበሪያ ራሱ ይዘጋዋል። ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ የእኛው አፕ ኔትወርክ የሚጠብቅ መልእክት እንዳለው ይረሳል። መልእክቱ እዚያው ይቀራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «ተልኳል» ይላል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱን ለምኜ ያልተላከውን ሁሉ እየዘረዘረ የሚያሳይ ለሙከራ የሚሆን ቅጂ አሠራሁ። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ግን በነዚያ ቀናት ቢሮ አልነበረም። የዘንድሮው ጉባኤ በእኛው ከተማ ስለሆነ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሊዘጋጅ ፈቃድ ወስዷል። የንግግሩ ርዕስ «ተጠቃሚን ማስጠበቅ ቀረ» የሚል ነው። ከንግግሩ በኋላ የውጭው ድርጅት ተወካይ ውሉን ያስፈርሙታል፤ ይህንን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

በጉባኤው ዕለት ጠዋት ቢሮ ገብቼ ከነርሶቹ ዘንድ የተመለሱት የሙከራ ስልኮች ያሉበትን መሳቢያ ከፈትኩና ያንን ቅጂ ጫንኩባቸው። በመጀመሪያው ስልክ ላይ ሰባት ያልተላከ ሪፖርት አገኘሁ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አሥራ አንድ። አራተኛው እሱ ወደ ነርሶቹ ሲሄድ ይዞት የነበረው ነው። አንድ ብቻ አለ። ሪፖርት አልነበረም። ከነርሶች ወደ ቢሮ በሚጻፍበት የመልእክት ገጽ ላይ የተጻፈ ነው። ተቀባይ በሚለው ላይ የእኔ ስም አለ።

«ይህንን የምጽፍልሽ የነርሶቹ ማረፊያ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው» ይላል። «ወረቀት አልቆብኝ አይደለም። ሁለታችን የደከምንበት ነገር የልቤን እንዲያደርስልኝ ፈልጌ ነው። ከውጭ የሥራ ጥሪ መጥቶልኛል። ሁሉም ሂድ ይለኛል። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። እወድሻለሁ፤ ስልኬን ፈትተሽ ‹ይድናል› ካልሽኝ ቀን ጀምሮ። አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። የቤተሰቤን ነገር ለእኔ ተይው፤ አባትሽን ደግሞ ሱሪ ማሳጠር የፈለግሁ መስዬ እመጣና እለምናቸዋለሁ። እስከ ዓርብ ካልመለስሽልኝ እምቢ ማለትሽ እንደሆነ ይገባኛል። ፊት ለፊት አላስጨንቅሽም፤ ሁለተኛም አላነሳብሽም።»

ከዚያ ዓርብ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓርብ አልፏል። መሳቢያው ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ተናደድኩ፤ የቱ እንደቀደመ አላስታውስም። አሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተወደደች ሴት ሆኜ እንደተናቀች ሴት ኖሬያለሁ።

አራቱን ስልኮች በቦርሳዬ ይዤ ስወጣ ግን እግሬ ከበድ አለኝ። ስህተቱን ሳልነግረው መድረክ ላይ ቢወጣ ያንኑ የተሳሳተ ነገር ለሦስት መቶ ሰው ሊያስተምር ነው፤ እነሱም ለሌላ ነርስ፣ ለሌላ ነፍሰ ጡር ሊሠሩት ነው። ብነግረው ደግሞ ውሉ ሊቀርበት ይችላል፤ ደብዳቤውን አብሬ ካሳየሁት «ልታስቀረኝ ብላ ነው» ቢለኝ ምን እላለሁ? ራሴስ እንደዚያ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ? መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። አዳራሹ በር ስደርስ አራተኛውን ስልክ ከቦርሳው አውጥቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ብቻውን ንግግሩን ሲያጠና አገኘሁት። ሲያየኝ ወረቀቱ እጁ ላይ ታጠፈ።

«አንቺ? ምን ሆንሽ?»

«ስለ ሥራ ነው የመጣሁት» አልኩና ሦስቱን ስልኮች መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርኩ። «ያልተላኩ ናቸው። ሃያ አንድ። ሁሉም ‹ተልኳል› ይላሉ።»

አንድ በአንድ አነሳቸው። የነርሷን ታሪክ ነገርኩት። ነፍሰ ጡሯ ጋ ስደርስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ነግሬህ ነበር። ግን ስትስቁ አብሬ ሳቅሁ። እሱ የእኔ ድርሻ ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

«አውቃለሁ። እንደፈለግህ አድርግ። እኔ ሳላሳይህ ብትወጣ ግን ራሴን ይቅር አልልም።»

ያቺ የባንክ ጥበቃ ሰላምታ ከፊቱ ላይ ጠፍታ ለአንዲት ቅጽበት የድሮው ዓይኑ አየኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ እንደ ጋለ ብረት አቃጠለኝ፤ ግን እጄን አላስገባሁም።

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። እናቱ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከውጭው ድርጅት ተወካይ አጠገብ ናቸው። እሱ መድረኩ ላይ ወጥቶ ርዕሱ ስክሪኑ ላይ ሲበራ ዞሮ አየው።

«ይህንን ትምህርት ባለፈው ዓመት እንደዚህ ካለ አዳራሽ ነው የወሰድኩት» አለ። «ቤቴ ወስጄ ሳልፈትሸው ሰው ላይ ጫንኩት። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ላስተላልፈው ነበር። አላስተላልፈውም።»

ስልኮቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ አሳየ። ነርሷ ሐኪሙን ሰነፍ እንዳለችው፣ ሐኪሙ እሷን ውሸታም እንዳላት ተናገረ። «ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተው ነበር። የዋሻቸው የእኔ ስክሪን ነው። ትምህርቱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ኔትወርክ እንደ ውሃ በሚወርድበት ቦታ፣ በአዲስ ስልክ፣ ፎቶ ላይ ‹ወደድኩት› ለማለት ሊሆን ይችላል። ለበሽተኛ ሪፖርት ግን ‹ገና ነው› ማለት ነውር የለውም። ይህንን ከዓመት በፊት የነገረችኝ ሞካሪያችን ናት። የስልክ ጠጋኝ ናት። ያን ቀን ሳቅሁባት።»

ጭብጨባው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስልኩን ጨብጬ፣ «እንዲህ ያለውን ሰው አሥራ ሦስት ሳምንት ሳላናግር ከረምኩ» እያልኩ በራሴ አዘንኩ።

ሲወርድ ወደ መድረኩ ጠጋ ብዬ ነበርና የውጭው ተወካይ እጁን ጨብጠው «እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው የምንፈልገው፤ ውሉ እንደተዘጋጀ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ወረቀቱን ሰጡት። ስለዚህ ምንም አላበላሸሁበትም፤ መሄድ ይችላል። ቀለል ሊለኝ ሲገባ ልቤ ተንጠለጠለ።

መተላለፊያዋ ውስጥ ጠብቄው አራተኛውን ስልክ ሰጠሁት።

«ይህኛውን ደግሞ ለምን ደበቅሽው?»

«ሥራውንና ራሴን እንዳላደባልቅብህ ነው። አንብበው።»

አነበበው። የራሱን ጽሑፍ እንደ ባዕድ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«አልደረሰሽም?» አለ በጭንቅ።

«ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ።»

«በቀን አሥር ጊዜ ከፍቼ አየው ነበር እኮ! ‹ተልኳል› ይለኛል። አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ። እምቢ አለችኝ አልኩ…»

«ሱቃችን እኮ ከቢሮው ሦስት መንገድ ብቻ ተሻግሮ ነው» አልኩት። እንባዬ ቀደመኝ። «መጥተህ ‹ደረሰሽ ወይ?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺስ ‹ጻፍክልኝ ወይ?› ብትይኝ?»

«ፈራኋ! ያንተ ቤት የት፣ የእኛ ሱቅ የት!»

«እኔም እኮ ፈራሁ። አላስጨንቃትም ብዬ ቃል ገብቼ… ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ።»

በእሱ ስክሪን ላይ ማሳበብ ቀላል ነበር፤ ግን አፑ የቀጠፈው አንድ መልእክት ነው፣ የቀረውን አሥራ ሦስት ሳምንት እኛው ነን ያጠፋነው። በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ውሉን ይዞ ቆሟል።

«ያ ዓርብ አልፏል» አለ። «ጥያቄው ግን አላለፈም። መልሱን…»

አልጨረሰውም። እናቱ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው» አሉና እኔን ሲያዩ ቆም አሉ። የረጠበ ፊቴን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «ይህቺ ልጅ ማናት?»

እሱ ሊመልስ አየር ሳበ። ክንዱን ያዝኩት። ይህንን እሱ ቢያደርስልኝ ደግሞ ደረሰ አልደረሰ እያልኩ ስጨነቅ ልኖር ነው። ሰፊው ግቢ ሁሉ እኚህን ሴትዮ ሆኖ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ መናገሩን ግን ያን ያህል የፈለግሁበትም ቀን የለም።

«ያን ጊዜ የስልክዎን መስታወት የቀየርኩልዎ የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። «ልጅዎ እንዳይሄድብኝ የምፈልገው እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ዓይናቸውን ልጃቸው እጅ ላይ ወዳለው ውል አዞሩ። ክንዱ ግን እጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ፤ አሥራ ሦስት ሳምንት የያዘውን ትንፋሽ የለቀቀ ያህል።